ምስጋና የማይባልበት ቅጠል

ናዝሬት ላይ ሰው በሁለት ነገር ይታመማል፤ በፀሐይና በነፋስ። ፀሐዩ አናት ይመታል፣ ነፋሱ አቧራውን ይዞ ይመጣና የቀረውን ይጨርሳል። ሁለቱ ተባብረው የሚያመጡት ምች ይባላል። ራስ ይፈልጣል፣ ከንፈር ያቆስላል፣ ጉልበት ያብረከርካል። ሐኪም ቤት ሌላ ስም ይሰጡታል። እናቴ ግን ስም መቀየር ምን ይሠራል ባይ ናት፤ መድኃኒቱ ዳማከሴ ነው፣ ዳማከሴው ደግሞ አጥሯ ሥር አለ፣ በቃ።

እናቴ ከሸዋ የመጣች ናት። አባቴን ተከትላ እዚህ ከገባች ወዲህ ግቢዋ ከዳማከሴ የተለየበትን ጊዜ አላስታውስም። ከዳማከሴው ጋር ደግሞ ራሷ የደነገገችው ሕግ አለ። ለዳማከሴ በመጣ ሰው ላይ በር አይዘጋም። ዋጋ አይጠየቅበትም። ሦስተኛው ከሁሉም ይጠብቃል፤ የወሰደ ሰው ማመስገን የለበትም። ምስጋና ከተባለበት አያሽርም ትላለች። አንዱ ቅጠሉን ጨብጦ ሲወጣ «እግዜር...» ብሎ ከጀመረ፣ እጇን እያወናጨፈች ታባርረዋለች። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሲያያቸው የተጣሉ ይመስለዋል።

ይህን ሕግ የሚፈታተን አንድ ሰው ብቻ ነው። ጎረቤታችን፣ የአቦምሳዋ እትዬ። እትዬ ከእኛ ጋር በአጥር ይዋሰናሉ፤ ከእናቴ ጋር አማርኛና ኦሮምኛ እያፈራረቁ ሲቀላለዱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ቅጠላቸውን ይዘው ወደ ግቢያቸው ከተሻገሩ በኋላ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው በኦሮምኛ «ገለቶማ» ይላሉ። አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። «በእኔ ቋንቋ ሲሆን ያሽራል» ብለው ይከራከራሉ። እናቴም በአጥሩ ላይ ጠጠር ትሰድላቸዋለች።

እኔ ያደግሁት በዚህ ሕግ ነው። ስለዚህ በኋላ የጣለኝ ነገር የማላውቀው ነው ብዬ ላመካኝ አልችልም።

የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የጀመርኩት እኩዮቼ ሦስተኛቸውን ሲጨርሱ ነው። አንዴ በወሊድ፣ አንዴ በገዛ ስንፍናዬ አቋረጥኩት። በመጨረሻ ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ደረሰኝ። አጻጻፉ ትሑት ነው፤ የሚለው ግን በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍሽን ካላስረከብሽ እስካሁን የተማርሽው ሁሉ ይሰረዛል ነው። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶ ፍለጋ እጄን በሰደድኩ ቁጥር እሱን ነው የምነካው።

ርእስ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። የእናቴ ዳማከሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ቢጫ ቢጫ የሚል፣ ቅጠሉ የኮሰሰ፣ ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ ነበር። እኛ ዳማከሴ ማለት እንዲህ ያለ ነገር ይመስለን ነበር። ከአርሲ ደጋ የመጣውን ሳይ ግን ሌላ ተክል ነው ብዬ ልከራከር ምንም አልቀረኝም፤ ቅጠሉ መዳፍ ያክላል። ምክንያቱን አማካሪዬ ነገሩኝ። አማካሪዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። የእኛ ሰፈር አፈር ነጣ ያለ፣ ኖራ የበዛበት ነው አሉ። ተክሉ የሚፈልገው ዚንክ በአፈሩ ውስጥ አለ፤ አፈሩ ግን ጨብጦ አይለቅም። እንደ ንፉግ ዘመድ ነው፤ ያለው ይታወቃል፣ ሲሰጥ ግን አይታይም።

ከንፉግ ጋር መታገል ትተን ዚንኩን በቅጠሉ በኩል ብናጎርሰውስ? ሐሳቡ ይኼ ነበር። ለዚህ ግን ዚንኩ እጅግ በጣም መድቀቅ አለበት። ናኖ ቅንጣት የሚባለው ነው። ይህን ለእናቴ ያስረዳኋት ምስር ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው። ዚንክ ስላት ዚንጎ ነው ወይ ብላ ወደ ጣራችን ቀና አለች። አልተሳሳተችም፤ ቆርቆሮው ዝገት እንዳይበላው የሚለበጠው በእሱ ነው አልኳት። ከዚያ ጤፍ አመጣሁ። አንዲት የጤፍ ፍሬ ለሺህ ብትሰነጠቅ፣ ከሺሁ አንዷ ደግሞ እንደገና ብትሰነጠቅ አልኩና፣ እጄ ላይ ያለችው ጤፍ በትንፋሼ በነነች።

እናቴ ምስሯን ሳታቋርጥ፣ «እንዲህ ከደቀቀ ምኑ ይቀረዋል? ደግሞስ መድኃኒት ላይ መድኃኒት ማድረግ ምን የሚሉት ነው?» አለች።

የጥናት ዕቅዴን ሳቀርብ ከመምህራኑ ሁሉ እንደዚህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ አልነበረም። መልስ ስላልነበረኝ ተቆጣሁ። እኔ መልስ ሳጣ እቆጣለሁ፤ ተማሪዎቼም ያውቁታል።

ዱቄቱን ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የዚንክ ጨው በውሃ ይሟሟል፣ ከተቀቀለ የዳማከሴ ጭማቂ ጋር ይደባለቃል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ቤተ ሙከራው ምድጃ ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት ይጋገራል። ሁለት ጊዜ መብራት ሄደና ያወጣሁት ነገር የተቃጠለ ወጥ መሰለ። በሦስተኛው መብራቱ አዘነልኝ። ሳወጣው ነጭ፣ የላመ፣ ሲነኩት ጣት ላይ የማይታወቅ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ከሻይ ብርጭቆ ቂጥ አያልፍም። ቤተ ሙከራው ውስጥ ማንም አልነበረምና በሩን ዘግቼ ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ። እንዲያ ደስ ያለኝ ልጄን ስወልድ እንኳ አልነበረም፤ ያኔ ደክሞኝ ነበር።

ለተከላ የሚሆነውን ቅርንጫፍ ለማምጣት በገበያ ቀን አርሲ ነገሌ ሄድኩ። ገበያው የእህል ነው፤ ግን ከስንዴው ጆንያ ጀርባ ቅጠላ ቅጠል የሚሸጡ ሴቶች አይጠፉም። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጥሩ ጥሩ ዳማከሴ መርጬ ሚኒባስ ውስጥ እግሬ ሥር አስቀመጥኩ። ገና ከከተማዋ ሳንወጣ ከኋላዬ ያሉ እናት ትከሻዬን ነኩና ራሳቸውን እያሻሹ ማዳበሪያውን አሳዩኝ። አንድ ዘለላ ሰጠኋቸው። ከእሳቸው ጎን ያለው ሰውዬም እንደሚያመው ትዝ አለው። ባቱ ላይ ዓሣ የያዘ መንገደኛ ሲሳፈር የዓሣውና የዳማከሴው ሽታ ተያያዘ፤ ረዳቱ ፀሐይ እንደመታው አወጀ። ሾፌሩ ደግሞ ለነገ ብሎ ጠየቀ። ማንን እምቢ ልበል? ናዝሬት ስንደርስ ማዳበሪያው ሲሶው ሄዷል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአፍንጫው ውስጥ ቅጠል ሰክቷል። እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወረድኩ። ያን ቀን መማር የነበረብኝን ነገር ሳልማር።

የተረፈውን በእናቴ ግቢ፣ የድሮውን ኮሳሳ ዳማከሴ ነቅዬ፣ በሁለት መደብ ተከልኩት። ሁለቱም አፈራቸው አንድ፣ ውሃቸው አንድ፣ ፀሐያቸው አንድ ነው። ልዩነቱ አንዱ በየሳምንቱ ናኖው ይረጭለታል፤ ሌላው ውሃ ብቻ። ካልተረጨው ጋር ሳይነጻጸር የተረጨው ማደጉ አይታወቅም። እንዳይምታታ በተረጨው ዙሪያ ቀይ ጨርቅ፣ ባልተረጨው ዙሪያ ከእናቴ አሮጌ ነጠላ የተቀደደ ነጭ ጨርቅ አሰርኩ። ከዚያ እናቴን አስቀምጬ አደራ አልኳት። ናኖ የተረጨበት ቅጠል ለሰው ይስማማ እንደሆነ ገና አልተመረመረም፤ ስለዚህ ከቀዩ ማንም እንዳይቀጥፍ፣ ማንም እንዳይቀምስ። ሁለት ጊዜ ነገርኳት፣ ጣቴንም ቀሰርኩ። እሺ አለች። እናቴ እሺ ካለች ታደርገዋለች።

እኔ የምኖረው ከባለቤቴና ከልጄ ጋር በከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። ግቢዋ የምመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፤ ቁመት ለመለካት፣ ቅጠል ለመቁጠር፣ ለመርጨት። ከአንድ ወር በኋላ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ቀዩ መደብ ወጥሮ፣ ጠቁሮ፣ ቅጠሉ በቅጠል ላይ ተደርቧል። ነጩ ግን ከሳምንት ሳምንት እየሳሳ ይሄዳል። አንዳንድ ተክሉ እንዲያውም ካለፈው ቅዳሜ ያነሰ ቅጠል ነበረው። ይኼ ዚንክ ማጣት እንዲህ ያለ ጠላት ነው እንዴ ብዬ ተገረምኩ። ነፋሱንም ጠረጠርኩ፣ የእትዬን ዶሮዎችም ጠረጠርኩ። ራሴን ብቻ ሳልጠረጥር ቀረሁ። ውጤቱን ለአማካሪዬ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውርደው ሁለት ጊዜ አዩት። እንዲህ ያለ ልዩነት ገጥሟቸው እንደማያውቅ ነገሩኝና፣ ተክሉን ራሳቸው መጥተው ሊያዩት ቀን ቆረጡ። እኔ በየባጃጁ እየዘፈንኩ ነበር የምሄደው። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ደብዳቤም እጄን መቆርቆር ተወ።

አማካሪዬ ሊመጡ አራት ቀን ሲቀር ምች መታኝ። የጥፋቱ ባለቤት ራሴ ነኝ፤ ቀትር ላይ ባዶ ራሴን ለፈተና ወረቀት ስሯሯጥ ነው። እናቴ ቤት ደርሼ አልጋዋ ላይ ወደቅሁ። ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። እናቴ ወጣ ብላ ተመለሰች። በመዳፏ ያሸችውን አፍንጫዬ ላይ አድርጋ፣ ጭማቂውን ግንባሬንና አንገቴን ቀባችኝ። ያ ሽታ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው፤ እናቴ እዚህ አለች፣ አይዞሽ የሚል ሽታ ነው። በረጅሙ ሳብኩት። ሁለት ጊዜ ሳብኩት። በሦስተኛው ዓይኔን ገለጥኩ።

«እማዬ፣ ከየትኛው ነው የቀጠፍሽው?»

«ከነጩ ነዋ። ከቀዩ ማንም እንዳይቀምስ ብለሽኝ የለም?»

«ሌላ ሰውም ከነጩ ቀጥፏል?»

«ምን ማለትሽ ነው? የሰፈሩ ሰው ታዲያ ከየት ሊያመጣ ኖሯል?» አለች፣ እንደማይገባት ልጅ እያየችኝ።

ሁሉም ግልጽ ሆነልኝ። ጎረቤቱ ሁሉ፣ ባጃጅ ነጂው ሁሉ፣ ራሱን ያመመው ሁሉ በየማለዳው ሲመጣ እናቴ አደራዬን ጠብቃ ከቀዩ ትከለክለው፣ ሕጓን ጠብቃ ወደ ነጩ ትመራው ነበር። ቅርንጫፉ እንዳይጎዳ ከአንጓው ላይ እንዴት ንጹሕ አድርጎ እንደሚቀጠፍም ታሳያቸዋለች፤ ለዚህ ነው ጠባሳ ያላየሁት። ነጩ መደብ የሳሳው ዚንክ አጥቶ ብቻ አይደለም። ሰፈሩን ሲያክም ከርሞ ነው። እኔም የመመረቂያ ጽሑፌን ማነጻጸሪያ አሽትቼ ጨርሼዋለሁ። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ራስ ምታቴ ለቀቀኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ቀን ደብቄው ቆየሁ። የምናውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነን። ቁጥሮቹ ያምራሉ። ጊዜው አልቋል፤ ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ማን ሊጠይቀኝ ነው? እናቴ ነገሩ በደንብ ከገባት ወዲህ መደቦቹ አጠገብ ሄዳ ቆማ ትቀራለች፣ ምሳዋንም ሳትጨርስ ታነሳለች። ይኼ ከቁጣ ይብስብኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ክፍል ገብቼ፣ ያልሠሩትን ሙከራ ውጤት አሳምረው የጻፉ ተማሪዎቼን ቆሜ ስገሥጽ የገዛ ድምፄን ሰማሁት። ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ ቾኩን አስቀመጥኩ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ በቀጥታ ወደ አማካሪዬ ቢሮ ሄድኩ።

ከሚኒባሱ ጀምሬ እስከ ምቼ ድረስ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያ ቁጥብ ሰው እንባቸው እስኪወርድ፣ መነጽራቸው ከግንባራቸው ጠረጴዛው ላይ እስኪወድቅ ሳቁ። እኔ ግን አለቀስኩ። ሲበርድላቸው መሐረባቸውን ሰጡኝና፣ ለማስረከብ ሦስት ወር ገደማ እንደቀረኝ፣ ዳማከሴ ደግሞ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ እንደሚያቆጠቁጥ አስረዱኝ። ሁለቱን መደብ እኩል ቆርጬ ከመጀመሪያው ከጀመርኩ እደርሳለሁ። ግን ከእንግዲህ አንድ ቅጠል እንኳ ከተነካ አልቆልኛል።

ቀጥዬ ያደረግሁትን ስናገር አፍራለሁ። ቁልፍ ገዛሁ። ሁለቱን መደብ ቁመታቸውን እኩል አድርጌ ቆረጥኩና፣ እሑድ ከሰዓት በእናቴ የግቢ በር ላይ ቁልፉን አንጠለጠልኩት። መክፈቻውን ለእናቴ ሰጠኋት። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ ብል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቁልፉ ከነመክፈቻው አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። እሷ ደጁ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች።

«ያንቺ ወረቀት የሰው ራስ ምታት ያሽራል?» አለችኝ።

ተጣላን። እኔ ዕድሜዬን አነሳሁ፣ ደብዳቤውን አውጥቼ አነበብኩላት፣ ይህ ዓመት ካለፈኝ ከእንግዲህ እንደማልማር ነገርኳት። እሷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ልጇ እንድትመረቅ ከእሷ በላይ የሚፈልግ እንደሌለ፣ ግን በሩን ከዘጋች በዚህ ሰፈር ቀና ብላ እንደማትሄድ ነገረችኝ። ሁለታችንም ልክ ነበርን። ልክ የሆኑ ሰዎች ጠብ ደግሞ ማብቂያ የለውም። እየጮኽን ሳለ የእትዬ ራስ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ፣ አየን፣ ተመልሶ ጠፋ።

እትዬ በነጋታው ወደ አቦምሳ ተሳፈሩ። ሄደው ሁለት ቀን ቆዩ። ሲመለሱ አንድ ማዳበሪያ ዳማከሴ በጀርባቸው አዝለው፣ ወደ ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ወደ እኛ መጡ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያንቺን ላንቺ ተይው። የኛን ደግሞ እዚህ ደጅ እንትከልና ሰው ከሱ ይቅጠፍ። እናትሽም በሯን አትዝጋ፣ አንቺም ትምህርትሽን ጨርሺ።»

እንዲህ ቀላል ነገር! ያን ያህል ዓመት የተማርኩት እኔ ሦስተኛ መደብ አላሰብኩም፤ በቁልፍ ነው ያሰብኩት። እትዬን አቅፌ ስስማቸው አቧራቸው ፊቴን ሞላው። ያኑ ዕለት ከበሩ ውጭ፣ ከአጥሩ ጥግ ተከልነው። እናቴ ለመጣው ሰው ሁሉ አዲሱን ሕግ ታውጃለች፤ ቀዩም ነጩም የልጄ ናቸው፣ የእናንተ የደጁ ነው። ሰዉም ገባው። እንዲያውም ከገባው በላይ ሆነ፤ ለመቅጠፍ የመጣ ሰው ሁሉ የተረፈ ውሃውን ይዞ ይመጣና ደጁ ላይ ያፈሳል። አንድ ቀን ጋሪ ነጂው ፈረሱን አቁሞ አንዱ ልጅ ወደ ግቢው እንዳይገባ ሲገሥጸው ሰማሁ፤ «እዚያ ውስጥ ያለው ፈተና ላይ ነው» ይለዋል።

እነዚያ ሳምንታት በሕይወቴ ከነበሩኝ ሁሉ የሚያስደስቱኝ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማስመሪያዬን ይዤ ስንበረከክ እናቴ ወረቀቱን ትይዝልኛለች፣ እትዬ ከአጥር ወዲያ ስንት ሆነ ብለው ይጠይቃሉ። ቀዩ ቀደመ፤ እንደ በፊቱ እጥፍ አይደለም። ነጩም በራሱ አቅም እየተነሳ ነበር። ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ ግን በየሳምንቱ አለ፣ በየተክሉ አለ፣ ደግሞ እውነት ነው። ለትንሽ እውነት እንደዚህ መደሰት እንደሚቻል አላውቅም ነበር። አማካሪዬ ሊያዩ ሲመጡ ቀዩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ነጩን አይተው ነቀነቁ፣ ሲወጡ ግን ደጁ ላይ ቆሙ። የደጁ ዳማከሴ ቀን በቀን እየተቀጠፈ ከሁለቱም በልጦ ጫካ ሆኗል። ለዚህኛው ምን እንደረጨሁለት ጠየቁኝ። እኔ ምንም አልረጨሁም። እትዬ ከኋላ ሆነው የፍየል በጠጥ ሥሩ ሲበትኑለት መክረማቸውን በሹክሹክታ ተናዘዙ። አማካሪዬ ይኼንንም በጽሑፍሽ ላይ አንሺው አሉኝ።

ጽሑፌን በፈታኞች ፊት ቆሜ የተከላከልኩበት ቀን እናቴና እትዬ የክት ልብሳቸውን ለብሰው የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ማነጻጸሪያውን ከሰው ንክኪ እንዴት እንደጠበቅሁት ጠየቁ። የመጀመሪያውን ሙከራ ለምን እንደጣልኩት አልደበቅሁም፤ በቁሙ ጽሑፉ ውስጥም ጽፌዋለሁ። ስተርክ ዳማከሴ የምትለዋ ቃል ደጋግማ መጣች፣ አዳራሹም ሳቀ። እናቴ ከቋንቋው የሰማችው ዳማከሴን ብቻ ነው፤ ከሳቁ ደግሞ ልጇ የተዋረደች መሰላት። ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች።

«እኔ ነኝ ያስቀጠፍኩት። እሷ ጥፋት የለባትም» አለች።

ፈታኙ ለምን እንደተነሳች ባይገባቸውም ከወንበራቸው ከፍ ብለው እጅ ነሷት፤ ጥፋት አለመኖሩን፣ ልጇም በደንብ እንደመለሰች ነገሯትና እንድትቀመጥ ለመኗት። እኔ የቀረኝን ጥያቄ የመለስኩት በእንባ ነው። አለፍኩ። ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ እትዬ ባመጡት ዳቦ መጠቅለያ አደረግሁት።

ጽሑፉ ተጠርዞ ሲመጣ እናቴ ደረቷ ላይ አድርጋ ሽፋኑን ዳሰሰችው። ከዚያ በየትኛው ገጽ ማን እንደተጠቀሰ ጠየቀችኝ። የምስጋናውን ገጽ ገልጬ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። አማካሪዬ አሉ። ባለቤቴና ልጄ አሉ። ዳማከሴ ያመጡልኝ የአቦምሳዋ እትዬ አሉ። የሚኒባሱ ተሳፋሪዎች እንኳ አሉ። ገጹ አለቀ። እናቴ የለችበትም። ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ። ሆን ብዬ ነው የተውኳት፤ ሳምንት ሙሉ አስቤበት ነው፣ እንደሚገባት ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

እናቴ ገጹን በመዳፏ ቀስ ብላ ዳበሰችው።

«ጎበዝ። ብታመሰግኚኝ ኖሮ አያሽርልሽም ነበር» አለች።

ከአጥሩ ወዲያ ለካ ሲሰሙ የቆዩት እትዬ፣ «እኔ ልበልላት! ገለቶማ!» አሉ። እናቴ ጠጠር ፍለጋ ጎንበስ አለች። መሬት ላይ ጠጠር ሳይኖር እንዳጎነበሰች ብዙ ቆየች፤ ቀና ስትል ጉንጯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ሄዳ የደጁን ዳማከሴ ውሃ አጠጣችው።